ወደ ኋላ የዞረው ቆጣሪ

ፀሐይ ሰረቃችሁ ተብላችሁ ታውቃላችሁ? የእኛ ግቢ ተብሏል። እንዲህ ስል የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄአለሁ። ነገሩ ጎረቤታችን እማማ ተዋበች ዘንድ ሲደርስ ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁና፣ ከዚያ በኋላ መሳቅ የፈለገ ይሳቅ።

ያኔም እንደ ዛሬው ቂርቆስ ነበር የምኖረው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ አሮጌ ግቢ። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። በልጅነቴ የሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ አደግሁና ማታ ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጅ ሲያሳድጉ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈ ነገር አይዘልም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን እንኳ እስከ መጨረሻው ያነባል። ይኸው ጠባዬ ኋላ እንጀራ ሆነኝና ለገሃር አካባቢ ካለ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጠርኩ። ሰው ያበላሸውን ጽሑፍ ሳቃና እውልና ለዓይኔ ብርሃን ፍለጋ ወደ ቤቴ እሮጣለሁ። ቤት ስደርስ ደግሞ መብራት የለም።

በግቢው ሦስት ቤተሰቦች ነን፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ባለቆጣሪዋ እማማ ተዋበች ናቸው። ባለቤታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸው ሲያርፉ ቆጣሪው ወደ እማማ ስም ዞረ። እኛ በየቤታችን አምፖልና ምድጃ ልክ እያዋጣን ለእማማ እንሰጣለን፣ እሳቸው ይከፍላሉ። በዚህ ነገር አንድ ቀን ተጨቃጭቀን አናውቅም። ሰው ሁሉ እማማ ተዋበችን ያምናል። የሰፈሩ እድር ድስቱን፣ ሳህኑን፣ አግዳሚውንና ድንኳኑን የሚያስቀምጥበት እቃ ቤት በእኛ ግቢ ነው፤ ቁልፉ ከማተባቸው ጋር በአንገታቸው ታስሮ ነበር የሚውለው። ሰው ሲሞት የእድሩ ሰዎች ይመጣሉ፣ እማማ ይከፍታሉ፣ እቃው ይወጣል፣ ይመለሳል። ማንም ቆጥሮባቸው አያውቅም።

እማማ ፊደል አያውቁም ነበር። የሚፈረም ነገር ሲመጣ በአውራ ጣታቸው ነበር። አንድ ክረምት፣ «አንቺ በዚያ ዕድሜሽ ከተማርሽ እኔ ምን አንሶኝ ነው?» አሉኝ። ከማተሚያ ቤት የተበላሸ ወረቀት እያመጣሁ በጀርባው ላይ አስጻፍኳቸው። ስማቸውን ከቻሉ በኋላ ሌላ አልፈለጉም። «ስሜ ይበቃኛል፤ መጽሐፉን አንቺ አንብቢልኝ» አሉ። «ች» ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶውን ያነሱና ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ይጨርሱታል።

ካዛንቺስ ሊፈርስ በነበረበት ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት ለቆ ሲወጣ የማይፈልገውን እቃ ይሸጥ ነበር። ከጣሪያው የወረዱ የሶላር ፓኔሎችና የፀሐዩን ኃይል ለቤት መብራት የሚቀይር አንድ ኢንቨርተር ነበሩበት። ገዛኋቸው። ምን ያህል መብራት እንደ ናፈቀኝ የሚያውቅ አይፈርድብኝም። ሚኪ የሚባል ጎልማሳ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሊተክልልኝ መጣና ኢንቨርተሩን አገላብጦ አየው።

«እትዬ አስቴር፣ ይሄ ባትሪ የለውም። ማለቴ፣ መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል።»

«መብራት ሲጠፋ ካልሠራ ምን ሊሠራልኝ ነው?»

«ቢል ይቀንሳል። ቀን ቀን ግቢው ከፀሐይ ይጠቀማል፣ የተረፈው በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭው መስመር ይሄዳል። ባትሪውን ቀስ ብለው ይገዛሉ። በቃ፣ አንዴ ገዝተውታል።»

ተናደድኩ፤ ግን ገዝቼዋለሁ። አብሮት የመጣውን መመሪያ መዝገበ ቃላት ይዤ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ከመስመር ጋር ከመገናኘቱ በፊት ኃይል አቅራቢውን ጠይቁ ይላል። ሚኪን አስቆምኩትና ልጠይቅ ሄድኩ።

ብቻዬን አልሄድኩም። ሦስተኛው ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን በጸሐፊነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የቤታቸውን የመንገድ ፊት ክፍል ሱቅ አድርገው ለስላሳና በረዶ ይሸጣሉ። «ቢሮ በቋንቋው ካላናገሩት አይሰማም» ብለው ባርኔጣቸውን ደፍተው ተከተሉኝ። ካዛንቺስ ያለው የመብራት ቢሮ ስንደርስ ከመስኮቱ ጀርባ ላለው ሰውዬ ነገሩን ያስረዱት እሳቸው ናቸው።

«ሶላር?» አለ ሰውዬው ከስልኩ ቀና ሳይል። «እኛ አንሸጥም።»

«ሊገዙ አይደለም፤ ከቆጣሪ ጋር ሊያገናኙት ስለ ሆነ ፈቃድ ካስፈለገ ብለን ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ፋዘር፣ የራሳችሁ ጣሪያ፣ የራሳችሁ ፀሐይ። የፀሐይ ጉዳይ እኛን አይመለከትም። ቀጣይ።»

በጽሑፍ ስጡኝ ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ታደሰ ክንዴን ያዙኝ። «አታድርቂው» አሉኝ። ውጭ ስንወጣ ደግሞ፣ «ቢሮ ማለት እንዲህ ነው አስቴር። ከልካይ ከሌለ ተፈቅዷል።»

ሚኪ አገናኘው።

ቆጣሪያችን ከበሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ያለ አሮጌ ቆጣሪ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ጠርዟ ላይ ቀይ ምልክት ያለባት ጠፍጣፋ ብረት ትሽከረከራለች፤ ብዙ ስንጠቀም ትፈጥናለች፣ ስናጠፋ ትቆማለች። ፀሐይ በበረታበት አንድ ቅዳሜ ጋሽ ታደሰ ጠሩኝ። ብረቷ ወደ ኋላ ትዞራለች። ከላይ ያለው ቁጥርም ይቀንሳል። እማማ ተዋበችም እጃቸውን እየጠራረጉ መጡ።

«አስቴርዬ፣ ያለፈውን እየሰረዘ ነው እንዴ?»

«እማማ፣ እንዲህ ከቀጠለ እስከ ንጉሡ ዘመን ይመልሰናል» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«እንግዲያው ባለቤቴ ጋ ሲደርስ አቁሙልኝ።»

እንደዚያ ቀን የሳቅንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ቢሆንም ለሚኪ ደወልኩ። «የተረፋችሁን ለመስመሩ እየሰጣችሁ ነው፤ ቆጣሪው አሮጌ ስለ ሆነ የሰጣችሁትን ካለፈው ላይ ይቀንሳል። ለእናንተ ጥሩ ነው» አለኝ። ለእኔ ግን ጥሩ አልመሰለኝም። ተመልሼ ቢሮውን ልጠይቅ ብል ጋሽ ታደሰ፣ «ደግመሽ ጠይቀሽ ሌላ መልስ ልታመጪብን ነው?» አሉኝ። መዋጮው ለሁላችንም ቀንሶ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ለሳቸው፣ ለማቀዝቀዣቸው። ዝም አልኩ።

ቆጣሪ አንባቢው የመጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ቁጥሩን አየ፣ በእጁ የያዘውን አየ፣ መስታወቱን በእጅጌው ጠርጎ እንደ ገና አየ። «ይሄ ካለፈው ያነሰ ነው» አለ ለራሱ። ቁጥሩን ጽፎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ መሰላል የጫነች መኪና በራችን ላይ ቆመች። ሁለት ሰዎች ወርደው ሽቦውን ቆረጡ፣ ቆጣሪውን ፈተው ጆንያ ውስጥ ከተቱት። ግቢው ሁሉ ጸጥ አለ፤ የጋሽ ታደሰ ማቀዝቀዣ ድምፅ ሲቆም ነው ለካ ሁልጊዜ ያንጎራጉር እንደ ነበር ያወቅሁት።

«በማን ስም ነው?» አለ አንደኛው።

«ጣሪያው ላይ ያለው የኔ ነው» አልኩት። «ጥያቄ ካላችሁ እኔን…»

«እሱን አልጠየቅሁም። ቆጣሪው በማን ስም ነው?»

እማማ ተዋበች ከእቃ ቤቱ ወጥተው መጡ። «በኔ ነው ልጆቼ። ምነው? ግቡ፣ ውሃ እንኳ ጠጡ።»

«ቆጣሪ ወደ ኋላ አዙረው ኃይል ሰርቀዋል፣ እናቴ። ነገ ጠዋት ካዛንቺስ ቢሮ ይቅረቡ።»

ይህን ያለው በራችን ላይ ቆሞ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ፊት ለፊት ልብስ የሚተኩስ አለ፣ ከጎኑ ጫማ የሚሰፋ አለ። ሁለቱም ሥራቸውን አቁመው ነበር።

ወሬ በቂርቆስ እግር አያስፈልገውም። ያንኑ ቀን ገና ሳይመሽ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ፤ ከታችኛው ሰፈር ሰው ሞቷል። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ መኮንን እንደ ወትሮው ለእቃ መጡ። ይዘዋቸው የመጡት ሁለት ሰዎች ግን ወትሮ አይመጡም ነበር።

እማማ ከፍተው ወደ ጎን ቆሙ። አቶ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እማማ፣ ዛሬ እንኳ ቆጥረን ብንረከብ።»

«ምን ጎደለ?»

«ኧረ ምንም። እንዲያው ለሁላችንም ንጽሕና ነው።»

ሳህኖቹ አንድ በአንድ ከእቃ ቤቱ እየወጡ ሲሚንቶው ላይ ተደረደሩ። አንዱ ሰው ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ ሌላው ይደግማል። የቆርቆሮው ድምፅ እስከ መንገድ ይሰማል። እማማ በሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሳህኖቹን ሳይሆን የሚቆጥሩትን ሰዎች ነበር የሚያዩት። አንድም አልጎደለም። ሰዎቹም ባለመጉደሉ ያፈሩ መሰሉ።

«እንግዲህ ነገ የቢሮውን ነገር ይጨርሱና…» አሉ አቶ መኮንን፤ ዓይናቸው እማማ አንገት ላይ ነበር። «ከዚያ እንነጋገራለን።»

ሲወጡ እማማ ቁልፉን ከነማተባቸው ጨብጠው፣ «ነገ ሌባ አይደለችም የሚል ቃል ይዤ ካልተመለስኩ ይህችን ይፈቷታል» አሉኝ። ድምፃቸው አልተለወጠም።

ጋሽ ታደሰ ከሱቃቸው ብቅ አሉ። «እኔ እያለሁ?» አሉ። «ሰውዬውን ያነጋገርኩት እኔ ነኝ። አውቀዋለሁ። ፊት ለፊቱ ቆሜ ያለውን እነግረዋለሁ።» እማማ ሳሟቸው። እኔም ያን ጊዜ ልቤ ረጋ።

አርብ ጠዋት ሦስታችን በታክሲ ሄድን። እማማ ነጠላቸውን አጥበው ነበር፤ የክት ጫማቸውን አድርገዋል። በየመንገዱ በቆርቆሮ የታጠረውን ፍርስራሽ እያዩ፣ «እዚህ ጋ ጫማ ይሸጥ ነበር፣ እዚያ ጋ ክርስትና ያነሳኋት ልጅ ነበረች» ይሉኛል።

ቢሮው ውስጥ ኃላፊው ተነስቶ ተቀበለን። ትሑት ሰው ነው፤ ለእማማ ወንበር ሳበላቸው። ቆጣሪያችን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። በዚያ ሁሉ ዓመት ግድግዳ ላይ ስናየው ትልቅ ይመስል ነበር።

አንድ በአንድ አስረዳሁት። ማንም ቆጣሪ እንዳልነካ፣ ፓኔሉ የሚሰጠው ሲተርፍ ብረቷ በራሷ ወደ ኋላ እንደምትዞር፣ መመሪያው ምን እንደሚል። መመሪያውን ከነምልክቱ ከፍቼ አስቀመጥኩለት። አላነበበውም።

«እህቴ፣ አንቺ ማነሽ?»

«ያስተከልኩት እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ በኔ ስም ይጻፍ።»

«ደንበኛችን አንቺ አይደለሽም። ሲስተሙ የሚያውቀው አንድ ስም ነው።»

«ከማገናኘታችን በፊት እዚሁ መጥተን ጠይቀናል። የፀሐይ ጉዳይ እኛን አይመለከትም ተብለናል።»

የመስኮቱን ሰውዬ አስጠራው። መጣ፤ ያው ሰው ነው፣ ያው ስልክ በእጁ። እኔን አየኝ፣ ጋሽ ታደሰን አየ።

«በቀን ስንት ሰው ነው የሚመጣው። አላስታውስም» አለ።

«እኔ አለሁ» አሉ ጋሽ ታደሰ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ያናገርኩህ እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ደስ ያለው መሰለ። «ጥሩ። እንግዲያው የእርስዎን ቃል እንይዛለን» አለ እስክሪብቶ እያነሳ። «እርስዎም ከዚሁ ቆጣሪ ነው የሚጠቀሙት?»

«አዎ።»

«ለማጣራት ቡድን እንልካለን። ከቆጣሪው የወጣውን መስመር ሁሉ ያያል፤ የቱ ለመኖሪያ፣ የቱ ለንግድ እንደሚውል ጭምር። አሠራሩ ነው።»

የእኛ ቆጣሪ የመኖሪያ ነው። የጋሽ ታደሰ ሱቅ ከተከፈተ ጀምሮ በመኖሪያ መስመር ነው የሚሠራው፤ ግቢው ሁሉ ያውቃል፣ አንሥተነውም አናውቅም። ኃላፊው ይህን አላወቀም፤ የተናገረው ለሁሉም የሚናገረውን ነበር።

ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጠርዙን በጣታቸው አዞሩት።

«ማለቴ… መጥተን ነበር። መምጣቱን መጥተናል። ስለ ምን እንደ ነበር ግን… ዕድሜ ነው ጌታዬ። በደንብ አላስታውስም።»

እማማ ተዋበች ፊታቸውን ወደሳቸው አዙረው አዩዋቸው፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ሰው ያላወቀውን መንገድ እንደሚያየው ነው። ጋሽ ታደሰ ግድግዳውን ያዩ ነበር።

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረን። አንዱ ጉዳዩ ወደ ሕግ ሄዶ ውሳኔ መጠበቅ ነው፤ እስከዚያ ግቢው መብራት አያገኝም። ሌላው ጥፋትን አምኖ ፈርሞ፣ ቅጣት ከፍሎ፣ ዛሬውኑ አዲስ የካርድ ቆጣሪ ማስገባት ነው። ወረቀቱን ገፋልን። «ቆጣሪውን ወደ ኋላ በማዞር የኃይል ስርቆት መፈጸሜን አምኛለሁ» ይላል።

«‹ሳላውቅ› የምትል አንዲት ቃል ይግባበት» አልኩት።

«የተዘጋጀ ነው፣ እህቴ። ለሁሉም አንድ ነው። አይታረምም።»

ዕድሜዬን ሙሉ ጽሑፍ ሳርም ኖሬአለሁ። የሊቅ ጽሑፍ አርሜአለሁ፣ የባለሥልጣን ጽሑፍ አርሜአለሁ። አይታረምም ያለኝ ሰው አልነበረም።

«አስቴርዬ፣ ምን ይላል?» አሉኝ እማማ።

አነበብኩላቸው። አንዲት ፊደል አልዘለልኩም። ልዘልላቸው እችል ነበር፤ ግን እሳቸው ሁልጊዜ እንዳለ የማነብ ሰው መሆኔን ያውቃሉ።

ጋሽ ታደሰ ጎንበስ ብለው፣ «እማማ፣ ፈርመው ይገላገሉ። ፊርማ ነው እንጂ ምን አለው። ሱቅ ያለው በረዶ ሁሉ ቀልጦ ውሃ ሆኗል» አሉ።

«እማማ፣ አይፈርሙ» አልኩ። «ጨለማውን እንችለዋለን። እኔ ጠበቃ እፈልጋለሁ።»

«አንቺ ትችይዋለሽ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረው፣ «ካልፈረምኩ ሁሉም ነው የሚጨልምባቸው? የሳቸውም?» ብለው በአገጫቸው ወደ ጋሽ ታደሰ ጠቆሙ።

«ግቢው በሙሉ ነው፣ እናቴ።»

«በኔ ስም ሰው ጨለማ አይቀመጥም።»

ኃላፊው ነጠላቸውን፣ ዕድሜያቸውን አይቶ የማኅተሙን ቀለም ክዳን ከፈተና ወደ አውራ ጣታቸው አስጠጋው። እማማ በእጃቸው ጀርባ መልሰው ገፉት።

«እኔ እጽፋለሁ» አሉ።

እስክሪብቶ ሰጣቸው። ጎንበስ ብለው ጀመሩ። «ተ»። «ዋ»። «በ»። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሱና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ያን ጊዜ ወረቀቱን ከሥራቸው ልመነጭቀው እጄ ተነስቶ ነበር። አልመነጨቅሁም። «ች»ን በአንድ ጊዜ ጨረሱት።

የተበላሸ ወረቀት ጀርባ ካልሆነ በቀር፣ እማማ ተዋበች በገዛ እጃቸው ስማቸውን የጻፉበት የመጀመሪያው ወረቀት ይኸው ነው።

«ጎበዝ እናቴ» አለ ኃላፊው። «ቆንጆ ጽሕፈት አለዎት።» ከልቡ ነበር።

በነጋታው አቶ መኮንን መጡ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እማማ ቁልፉን ከማተባቸው ላይ ይፈቱ ነበር። ክሩ ብዙ ዘመን ስለ ታሰረ አልፈታ ብሎ በምላጭ ቆረጥኩላቸው። «ቆጥራችሁ ተረከቡ» አሏቸው። ቆጥረው ተረከቡ።

ቅጣቱን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ግን የእኔ ስም የትም አልተጻፈም።

አዲሱ ቆጣሪ ቀድሞ የሚከፈልበት ነው፤ ካርድ እንሞላለን። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ካርዱ ቶሎ እንደሚያልቅ አስተዋልኩና ሚኪን ጠራሁት። ቆጣሪው ላይ አፍጥጦ ቆየ። «ይሄኛው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አይለይም፣ እትዬ። ያለፈበትን ሁሉ እንደ ተጠቀማችሁት ነው የሚቆጥረው። የሰጣችሁትንም እያስከፈላችሁ ነው» አለኝ። አሮጌው ስንሰጥ ሌባ አስባለን፤ አዲሱ ስንሰጥ ያስከፍለናል። ገመዱን አስነቀልኩ። ፓኔሎቹ እስከ ዛሬ ጣሪያው ላይ ናቸው፤ እርግቦች ይሞቁባቸዋል።

ጋሽ ታደሰ ዛሬም ጎረቤቴ ናቸው። ጠዋት «እንደምን አደርሽ» ይሉኛል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ማቀዝቀዣቸው ያንጎራጉራል። ጭካኔ አለባቸው ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ፤ ፈሩ፣ ከዚያ ደግሞ የፈሩትን እንደ ረሱ ሆኑ። ሳህን ቆጥረው እማማን ካዋረዱትም አንዳንዶቹን በስማቸው አውቃለሁ፤ ሲታመሙ እማማ ሾርባ ያደረሱላቸው ናቸው።

አንባቢዎቼ፣ አንድ ቆጣሪ ለብዙ ከሆናችሁ በማን ስም እንደ ሆነ እዩ። ቢሮ ስትጠይቁ ከመስኮት የተወረወረላችሁን ቃል ተሸክማችሁ አትመለሱ፤ አታድርቂው ቢሏችሁም አድርቁት። እኔ ከዚያ ወዲህ በጽሑፍ ያልተሰጠኝን መልስ እንደ መልስ አልቆጥርም፤ በየቢሮው ጨቅጫቃ የሚል ስም ወጥቶልኛል። ይህ ግን ለእማማ የመለሰላቸው ነገር የለም።

ባለፈው ሰሞን የመታወቂያ እድሳት ነበርና አብሬያቸው ሄድኩ። የምትመዘግበው ልጅ በትሕትና እስክሪብቶ አቀበለቻቸው።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

እማማ ተዋበች እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስተኙትና አውራ ጣታቸውን ዘረጉላት።